አረንጓዴዋ «ቶሌ»

ሮቤ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለለሊሳ፣ ሰላምታዬ ያንን ሁሉ በረዶ አልፎ ደህና ያግኝህ።

መቼም ቀድመህ የምትጠይቀኝ ጎረቤታችንን አዮ ጁሀራን ስለሆነ ከእሷ ልጀምር። ደህና ናት። ደም ግፊቷ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፣ ጉልበቷንም ያማታል፣ አፏ ግን አልታመመም፤ እንደ ድሮው ከአጥር ወዲያ ሆና ትጣራለች። ገሰራ የሚያርሰው ልጇ ኡመር ስንዴውን አስገብቶ ጨርሷል። ኮምባይነሩ ዘግይቶባቸው ነበር፣ ተመስገን ዝናብ አልቀደመውም። ሚስቱ ሦስተኛ ልጇን ወልዳለች፣ ሴት። «ስም የማወጣው እኔ ነኝ» ብላ አዮ ጁሀራ ከምራቷ ጋር ተኳርፋ ሰነበተች፤ አሁን ታርቀዋል። ስሙ ግን የምራቷ ነው የጸናው።

እኛም ደህና ነን። እኔ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ይዤ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም። የቤቴ አባወራ ደጀኔም ያው ሚኒባሱን ከሮቤ ጎባ፣ ከጎባ ሮቤ ሲያመላልስ ይውላል። ይህንንም በደብተር ጽፌ እሱ ነው ፎቶ አንስቶ የሚልክልህ። ስልክ ላይ ልጽፍ ስል ጣቴ ሦስት ፊደል አንድ ላይ ይጨፈልቃል። ስለዚህ ዘገየሽ አትበለኝ፣ ደጀኔ ሲመቸውና ኔትወርክ ሲፈቅድ ነው።

አሁን ወደ ጉዳይህ። የላክሃቸው ስድስት ስልኮች ለስድስት ቤት ታድለዋል። ሲስተር ማናልበሽ ከጤና ጣቢያው መጥታ «መድኃኒት የመውሰጃ ሰዓት ሲደርስ ይጠራችኋል፣ እኔም ወስዳችሁ እንደሆነ በራሴ ስልክ አያለሁ» ብላ አስረዳቻቸው። ያንተ ስልክ ሰው ይመስላል እኮ! ጠዋትና ማታ በለስላሳ የልጃገረድ ድምፅ በኦሮምኛ «አዮ፣ እናቴ፣ የመድኃኒትሽ ሰዓት ደርሷል» ትላለች። አዮ ጁሀራ ምን እንደምትመልስላት ታውቃለህ? «ቶሌ ኢንተላ ኮ!» እሺ ልጄ። ከዚያ አረንጓዴዋን «ቶሌ» ትነካለች፣ ስልኩም ዝም ይላል። «እንደ ምራቴ አትከራከረኝም» ትላለች።

ስለ ቀይዋ ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃኛለች። በአማርኛው «ይቅር» የምትለዋ በእሷ ስልክ ላይ «ሃ ሀፉ» ተብላ ነው የተጻፈችው። ሳነብላት «ምኑ ነው የሚቀረው? ጤናዬ ነው እኔ ራሴ?» አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ወዲያ ቀይዋን ነክታት አታውቅም።

«ወደዱት ወይ?» ላልከኝ፣ ሁሉም ወደውታል፤ ያማረረ የለም። አንድ ነገር ብቻ፦ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቅቶኛልና የሚመጣ ሰው ካገኘህ የማንበቢያ መነጽር።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ።

አክስትህ ፋናዬ


ታምፐሬ፣ ፊንላንድ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጋሽ ደጀኔስ? እኔ ደህና ነኝ። የእኛ የሳነቴ አምባ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህ አገሩን ግን ፀሐይዋ ራሷ ታፍረዋለች።

ደብዳቤዎን ለሥራ ባልደረቦቼ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው። «ቶሌ ኢንተላ ኮ»ን ሲሰሙ አጨበጨቡ። እኔ ጋ የስድስቱ ቤቶች ዝርዝር በየቀኑ ይደርሰኛል፤ ከመቶው ዘጠና ሰባቱ አረንጓዴ ነው። እንዲህ ያለ ውጤት በሌላ አገር አላገኘንም።

ስለ አስተማሪዬ ስለ ፕሮፌሰር ሄልቪ ነግሬዎት ነበር መሰለኝ። ጡረታ ወጥተዋል፤ እዚህ የስልክና የኮምፒውተር ገጽ የሚነድፍ ሰው ግን ወይ የእሳቸው ተማሪ ነው ወይ የተማሪያቸው ተማሪ። «ሰው ቁልፍ ከተሳሳተ የተሳሳተው ቁልፉ ነው» ይላሉ። ቃል አሳንሱ፣ ቁልፍ አተልቁ የሚለውም የእሳቸው ነው። እኔን ደግሞ «ሄደህ አጠገባቸው ተቀመጥና ዝም ብለህ እይ» ብለውኝ ነበር። ጊዜ አላገኘሁም። ግን እርስዎ አሉልኝ፤ በእርስዎ ቤት አራት ዓመት ተቀምጬ ተምሬ ሮቤ ይጠፋኛል?

መጋቢት 5 ቀን በአለቆቹ ፊት ቆሜ ሥራውን አሳያለሁ። ከተቀበሉት በዚያው ወር በሦስት አገር ወደ አርባ ሺህ ቤት ይገባል። ለዚያ ቀን የአዮ ጁሀራን ፎቶ እፈልጋለሁ፤ ስልኩን ይዘው፣ ሲስቁ። መነጽሩን ገዝቻለሁ፣ ሰው እየፈለግኩ ነው።

ልጅዎ ለሊሳ


ሮቤ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለለሊሳ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ አለን። ዘገየሁ አይደል? ጾም ገባ። ዘንድሮ የእኛም የሙስሊሞቹም አንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገባው፤ በቀን ሰፈሩ ጸጥ ብሏል።

አዮ ጁሀራ ጎባ ሰንብታለች። ስትመለስ የፎቶውን ነገር እናያለን። አትጠብቀው።

መነጽሩንም ተወው። ካንተ ምንም አልፈልግም፤ ማለቴ፣ ሰው አታስቸግር ማለቴ ነው።

ስልኩ ደህና ነው፣ ይጠራል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ አረንጓዴዋ ስትነካ አንተ ጋ ምን ብላ ነው የምትደርስህ?

ፋናዬ


ታምፐሬ፣ የካቲት 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣

ደብዳቤዎ አጠረብኝ። ያመመዎት ነገር አለ? እባክዎ አይደብቁኝ።

አረንጓዴዋ ስትነካ «መድኃኒቷን ወስዳለች» ብላ ነው የምትደርሰኝ። ሲስተር ማናልበሽም ጋ እንደዚያው።

ደስ የሚለኝ ደግሞ ምን መሰለዎት? ከስድስቱ ቤቶች አንደኛ የወጡት አዮ ጁሀራ ናቸው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም አንድ አላጓደሉም። በረመዳን እንኳ! ጎባ ሳሉም ሳይቀር፤ ስልኩን ይዘውት ሄደው መሆን አለበት። ስለዚህ ወስኛለሁ፤ መጋቢት 5 ከዝርዝሩ የማሳየው የእሳቸውን ገጽ ነው። ፎቶ ባይኖርም ስማቸው ይበቃል።

ልጅዎ ለሊሳ


ሮቤ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሊሳ ልጄ፣

ዛሬ ሰላምታውን አሳጥራለሁ፣ ይቅርታህን። ይህ ደብዳቤ ከመጋቢት 5 በፊት ይድረስህ ብዬ ደጀኔን ተሳፋሪ ሳይጭን ቁም ብዬዋለሁ።

«ወስዳለች» ነው የሚለው? የጠረጠርኩት ይኸው ነበር።

አዮ ጁሀራ ጎባ የሄደችው ለእንግድነት አይደለም። የካቲት 17 ጠዋት ከአጥር ወዲያ ድምፅዋ ሲጠፋብኝ ገባሁ። በሯ ሥር ወድቃለች። አፏ ወደ አንድ ወገን ዞሯል፣ ቀኝ እጇ አይታዘዝም። ደጀኔ የጎባ ተሳፋሪ ሞልቶ ሊነሳ ሲል ደረስኩበት። «ውረዱ ልበላቸው?» አለኝ፤ ማንም አልወረደም፣ ተጠጋግተው አስተኟት። አንድ ሽማግሌ ራሷን ጭናቸው ላይ ይዘው፣ ደጀኔም መንገድ ላይ ሰው ሳይጭን ሳያወርድ ሆስፒታል ደረስን። እግዜር ይስጣቸው፣ ሐኪሞቹ ተረባረቡላት።

ሐኪሙ «መድኃኒቷን ትወስድ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። ሲስተር ማናልበሽ ጋ ተደወለ። ስልኳን አይታ «አንድ ቀን አላጓደለችም» አለች። እኔም እዚያው ቆሜ «ቶሌ ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ። መሰከርኩ ማለት ነው። ሐኪሙም እንግዲህ መድኃኒቱ አልሠራላትም ብሎ ሌላ ጠንከር ያለ ሊያዝላት ነበር። በማግስቱ ኡመር ከገሰራ መጣ፤ ሻሿን ሊያመጣላት ሳጥኗን ሲከፍት የጥርም የየካቲትም ክኒን እንዳለ ተደርድሮ አገኘው። አምጥቶ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈው።  ከዚያም ዞሮ እኔን አየኝ።

ምላሷ ትንሽ ሲፈታ «አዮ፣ ለስልኳ ልጅ ቶሌ ትያት አልነበረም?» አልኳት።

«አልኳታ!» አለችኝ፣ እየተኮላተፈች። «ልጅ በአክብሮት ስታስታውስሽ እምቢ ይባላል? ቶሌ ማለቴ ሰምቻለሁ ማለቴ ነው። አንዳንዴ ወጥ አማስላለሁ፣ አንዳንዴ ሶላት ላይ ነኝ፣ በኋላ ይረሳኛል። በጾሙ ደግሞ ጠዋት ክኒን ይዋጣል እንዴ? እንዳላስቀይማት ብዬ ነው ቶሌ ያልኳት።»

አየህ? የሷ ስህተት ነው በለኝ እስቲ። እኔን ደንበኛ «ለቅዳሜ ይደርሳል?» ሲለኝ እሺ እላለሁ፤ ሰፍቼ ጨርሻለሁ ማለቴ ነው? አንተስ አራት ዓመት በእኔ ቤት «ለሊሳ፣ እንጨቱን አስገባ» ስልህ «እሺ እትዬ» ብለህ ስንቱን ቀን ዝናብ መታው! የስፌት መኪናዬ እሺ ብላት አይገባትም። ክሩ ካልገባ አትሰፋም።

አሁን የራሴን ልናገር። እሷ ሆስፒታል ሳለች ስልኩ የቀረው እኔ ጋ ነው። ቶሌን ስነካልህ የሰነበትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ድምፁን ላስቆም ብዬ ነበር። ልጅቷ «አዮ» ስትል፣ አዮ ደግሞ የለችም፤ አልቻልኩም። በኋላ ግን አውቄ ነው። ገጽህ እንዳይበላሽብህ ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ዋሽቼሃለሁ።

ትናንት አምስቱንም ቤት ዞሬ መድኃኒታቸውን ቆጠርኩ። በሦስቱ ቤት ተርፏል። ሦስቱም እሺ ብለዋል፣ ሦስቱም ገጽህ ላይ አረንጓዴ ናቸው። ያ አርባ ሺህ ያልከው ሕዝብ ውስጥ ስንት አዮ ጁሀራ አለ? በእሷ ስም ልትቆም ከሆነ አትቁም ልጄ።

ፋናዬ


ታምፐሬ፣ መጋቢት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣

አዮ ጁሀራን ፈጣሪ ይማርልኝ። ይህን ያህል ቀን ዝም ያልኩት የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት የተናደድኩት በእርስዎ ነበር። «ለምን ነካችው፣ ለምን በየካቲት አልነገረችኝም» እያልኩ። በሦስተኛው ቀን እርስዎ የነኩትን ትቼ እኔ የጻፍኩትን አየሁ።

መጋቢት 5 ቆምኩ። የአዮ ጁሀራን ገጽ አሳየኋቸው፣ ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። ሲያጨበጭቡ ጠበቅኋቸውና «ሴትዮዋ አንዱንም አልወሰዱም፣ ሆስፒታል ናቸው» አልኩ። ወደ አርባ ሺህ ቤት የሚገባው ቆሟል። እስከ ግንቦት ካላስተካከልኩት ሥራው ይዘጋል። ይዘጋ ቢሉም አልፈርድባቸውም።

ፕሮፌሰር ሄልቪ ሰምተው ደወሉልኝ። «እሺ በእናንተ አገር ምን ማለት ነው?» አሉኝ። ሰማሁ ማለት ነው፣ አከበርኩህ ማለት ነው፣ አንዳንዴም ተወኝ ማለት ነው አልኳቸው።  «ይህንን ታውቅ ነበር?» አውቅ ነበር። «ታዲያ ማን አስረሳህ?»  ከዚያ ራሳቸው «እሺ የምትለውን ቁልፍ አንተ አልፈጠርካትም። ከእኛ ወረስካት። እኛም ለማን እንደምንሰጣት ሳንጠይቅ ነው ያስተማርንህ» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ቁልፍ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ይህን ማለታቸው ከበደኝ።

እንጨቱንም አስታውሳለሁ። አንድ ጊዜ ዝናብ ላይ ትቼው እስኪያቆጠቁጥ ድረስ ረስቼው ነበር።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። አዮ ጁሀራን ወደሽዋል ወይ ብለው አይጠይቁልኝ። «ልጅቷ እውነተኛ ሰው ብትሆን፣ ከዋጥሽ ምን ትያታለሽ? ካልዋጥሽስ?» ብቻ ይበሉልኝ። የሚሉትን ሳያሳምሩ ይጻፉልኝ። ለኡመር ምን እንደምለው አላወቅኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው ይበሉት።

ለሊሳ


ሮቤ፣ መጋቢት 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሊሳ ልጄ፣ ጉልበቱን ይስጥህ። እኔም ተቀይሜህ ነበር፣ ተወኝ ያንን።

አዮ ጁሀራ ቤቷ ገብታለች። በግራ እጇ ነው የምትጎርሰው። ኡመር እርሻውን ለወንድሙ አደራ ሰጥቶ እዚሁ ነው፣ ክኒኑን በእጁ ያጎርሳታል። ያልከኝን ጠየቅኳት።

«ከዋጥኩማ ዋጥኩ እላታለሁ፣ ሊቂምሴራ።»

«ካልዋጥሽስ?»

 «ነ ኤጊ» አለችኝ። ጠብቂኝ። «እምቢ ነውር ነው። ረሳሁ ማለትም ያሳፍራል። ጠብቂኝ ማለት ግን ነውር የለውም፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ይለዋል። ሥርዓት ያላት ልጅ ከሆነች ትጠብቃለች።»

የጾሙንም አነሳሁባት። «ረመዳን መግባቱን አገር ያውቃል፣ እሷ እንዴት አታውቅም? ከንጋት በፊት በሱሁር፣ ማታም በፊጥር ሰዓት ትጥራኝ» አለች።

ለኡመር ነገርኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል» ስለው «ታዲያ ምን ላድርገው?» አለኝ። ያ ስልክ ሁለተኛ ይህን በር አያልፍም ብሏል። አልተከራከርኩትም። እናቱ ናት።

ፋናዬ


ታምፐሬ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ፋናዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ።

ቶሌ ጠፍታለች። ሃ ሀፉም የለችም። አሁን ያሉት አዮ ጁሀራ ያሏቸው ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ ቁልፎቹ እኩል፣ ቀለማቸውም አንድ፣ አንዷ ከሌላዋ አትበልጥም። ጠብቂኝ ከተባለች ልጅቷ ግማሽ ሰዓት ጠብቃ ትመለሳለች። ሦስት ጊዜ ከተባለች፣ ወይም መልስ ካጣች፣ የሲስተር ማናልበሽ ስልክ ይጠራል። ረመዳንንም ታውቃለች። ለፕሮፌሰር ሄልቪ ሳሳያቸው «ማን ነደፈው?» አሉኝ። ሮቤ ያሉ ሁለት ሴቶች አልኳቸው።

አለቆቹ ከመወሰናቸው በፊት ሰው ሲጠቀምበት ማየት ይፈልጋሉ። ግን ኡመር ካልፈቀደ፣ አዮም ካልፈለጉ፣ ይቅር። የእውነት ይቅር። በሰኔ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ መጥቼ አጠገባቸው ልቀመጥ።

ለሊሳ


ሮቤ፣ ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሊሳ ልጄ፣ እንደምን አለህልኝ? ዛሬ አዮ ጁሀራ ቤት ሰው የበዛበት ቀን ነበርና ሳይረሳኝ ልጻፍልህ።

መጀመሪያ ሲስተር ማናልበሽ መጣች፣ ግፊቷን ለካች፣ «ወርዷል፣ ግን ኡመር ወደ ገሰራ ሲመለስ ማን ነው ክኒኑን የሚያጎርሳት?» አለች።  እርሻው እየጠበቀው ነው፣ ሁላችንም እናውቃለን። እሱ ሳይሆን አዮ ጁሀራ ናት የመለሰችው፦ «ያቺን ልጅ መልሱልኝ። አልተጣላኋትም እኮ።»

ኡመር «እማዬ፣ ሊገድልሽ የነበረ ዕቃ ነው» አላት።

«እኔም ዋሽቻታለሁ። ተካክሰናል።»

ኡመር ወደ እኔ ዞሮ «ያንቺ ለሊሳ የቀየረው ምን እንደሆነ አሳዪኝ» አለኝ። ሄጄ አመጣሁለት። ራሱ አነበበው፣ ሁለቱንም ቁልፍ አሥር ጊዜ እየነካ ፈተነው። «ዝም ብትልስ?» ብሎ አንዱንም ሳይነካ የሲስተር ማናልበሽ ስልክ እስኪጠራ ጠበቀ። ሲጠራ ሁለቱም ደነገጡ። እሱ ግን «ይሁን» አላለም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወጣ፣ በሩ ላይ ቆመ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ልጅቷ «አዮ» አለች። ሁላችንም እናያታለን። አዮ ጁሀራ አፏ ገንፎ ሞልቶ ነበር። እኔ መቼም አሁንም የልማዷን ቶሌ ብላ አረንጓዴ ልትፈልግ ነው ብዬ ነበር። ያችኑ የማትታዘዝ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ አነሳች። ሳተች፣ እንደገና ሞከረች። ማንም አልረዳትም፣ ፕሮፌሰርህ እንዳሉት ዝም ብለን አየን። ነካችው።

ኡመር ከበሩ ላይ ሆኖ «ምን አለቻት?» አለ።

«ነ ኤጊ» አልኩት።

ገባ፣ ውሃ ቀዳ፣ ክኒኑን ከጎኑ አስቀመጠላት፣ ሊያጎርሳት ግን አልሞከረም። አጠገቧ ተቀመጠ። ገንፎዋን ጨረሰች። ራሷ ዋጠች። ልጅቷ ስትመለስ አዮ ሊቂምሴራን ነካች። ሲስተር ማናልበሽ ዓይኗን እየጠረገች «እኔ ልሂድ፣ ሌላ በሽተኛ አለብኝ» ብላ ወጣች። ኡመር «ለሊሳን በሰኔ ሲመጣ ገሰራም ይምጣ፣ የምናገረው አለኝ በይው» ብሎኛል። ቁጣ ይሁን ግብዣ አልለየሁትም፣ አንተ መጥተህ ትለየዋለህ።

በመጨረሻ ደጀኔ ከጎባ ሲመለስ ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ አንገቱን አስገባ። የሆነውን ስንነግረው ደስ አለው። ኡመር ግን ሊፈትነው፣ «ታዲያ በመጀመሪያ ስትጠራት አልዋጠችም ማለት ነው? ምን ያስደስትሃል?» አለው።

«ሃያ ዓመት ተሳፋሪ ጭኛለሁ» አለው ደጀኔ። «እሺ መጣሁ ያለኝ ሁሉ ይቀራል። ጠብቀኝ ያለኝ ግን ቀርቶብኝ አያውቅም።»

ፋናዬ